የአህጉራት መንሸራተት ሳጥን ከቱሉ ዲምቱ፦ እንጨቱ ከመጽሐፉ ይሻላል

ከአዳማ ፍጥነት መንገድ መግቢያ ሳይርቅ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞቹን አለፍ ብሎ፣ ለትምህርት ቤቶች የፊደል ገበታና የመቁጠሪያ መሣሪያ የሚያቀርብ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ዘንድሮ የአህጉራትን መንሸራተት፣ ማለትም አንድ ላይ የነበሩ አህጉራት ቀስ በቀስ መራራቃቸውን፣ የሚያስተምር ሳጥን ማውጣት ጀምሯል። ዋጋው 4,200 ብር ነው። ውስጡ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ፣ አሥራ ሁለት የእንጨት ቁራጮች፣ የባሕር ወለል ሲሰፋ የሚያሳይ የወረቀት ሞዴል፣ አራት የቅሪተ አካል ካርዶች፣ በእንቁላል ካርቶን የተደረደሩ ስድስት ድንጋዮች፣ አንድ ኮምፓስና ባለ 24 ገጽ መጽሐፍ አለ።

ለእንጨቱና ለወረቀት ሞዴሉ ሲባል ይገዛል። ኮምፓሱን አስቀርታችሁ ዋጋ አስቀንሱ። መጽሐፉን ደግሞ ተማሪ እጅ ከመግባቱ በፊት እስክሪብቶ ይዛችሁ አርሙት።

ከሁሉ በፊት ሊወራለት የሚገባው አንድ ትንሽ ቀይ ቁራጭ ነው። ሠሪዎቹ አፋርን ከአፍሪካ ለይተው ራሱን የቻለ ሦስት ማዕዘን አድርገው ቆርጠውታል። ውጭ አገር ተሠርተው በሚመጡ መገጣጠሚያዎች ላይ ይህን ማየት ብርቅ ነው። ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ቀይ ባሕርን ዝጉት። የዓረብን ቁራጭ ወደ ደቡብ ምዕራብ ግፉና ትንሽ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩት። የሱዳንና የሳዑዲ ዳርቻዎች ጥሩ አድርገው ይጋጠማሉ፤ ደቡብ ላይ ግን የየመን ጥግ አፋር ላይ ይወጣና እንቢ ይላል። አሁን ቀዩን ሦስት ማዕዘን አንሱት። የመን ባዶው ቦታ ላይ ገብታ ትቀመጣለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የአፋር ወለል አብዛኛው መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ከታች የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ አፍሪካና ዓረብ አንድ በነበሩበት ጊዜ አልነበረም። ያልነበረ መሬት ደግሞ ከመገጣጠሚያው መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሆነው የዚሁ ሥራ ቀጣይ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ቀልጦ የወጣ ዓለት ገብቶ፣ መሬቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራርቆታል። ዓረብ ከአፍሪካ በዓመት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት እንደምትርቅ ካሰባችሁ፣ ያ የአራት መቶ ዓመት ድርሻ በአንዴ ሲከፈል ማለት ነው።

ጉድለቱ፣ ሦስት ማዕዘኑ አንድ ወጥ መሆኑ ነው። በቀይ ባሕር በኩል ያሉት የዳናኪል ተራሮች አዲስ መሬት ሳይሆኑ ከአህጉሩ ተገንጥለው እየዞሩ ያሉ አሮጌ ዓለት ናቸው። ተማሪው ሙሉውን ሲያነሳ እነሱንም አዲስ አድርጎ ይቆጥራል። በማርከር መስመር ማስመር ለጊዜው ይበቃል።

ወደ ትልልቆቹ ቁራጮች ስንመጣ ነገሩ እንዲህ አያምርም። እንጨቱ 6 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ነው፣ በሌዘር ተቆርጧል፣ ፊቱ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ጠርዙ ግን አልተቀባም። ኤምዲኤፍ እርጥበት የሚስበው በጠርዙ ነው፤ በሐምሌ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ካደረ ያብጥና ቁራጮቹ እርስ በርስ አይገቡም። በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት።

ደቡብ አሜሪካን ከአፍሪካ ጋር ስታስጠጉ የብራዚል ትከሻ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገባል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ግን ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ለዚህ ሁለት ስህተቶች ተደርበዋል። አንደኛው፣ ቁራጮቹ የተቆረጡት በባሕር ዳርቻው መስመር ነው። ዳርቻ ማለት ውኃው ዛሬ የደረሰበት ቦታ እንጂ የአህጉሩ ጫፍ አይደለም፤ አህጉሩ ከባሕሩ በታች ጥልቀት በሌለው ወለል ይቀጥልና ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው የሚያበቃው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኤድዋርድ ቡላርድና ባልደረቦቹ ካምብሪጅ ላይ በኮምፒዩተር የአትላንቲክን ግራና ቀኝ ሲያጋጥሙ የተጠቀሙት 900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለውን መስመር ነበር፤ ለዚህም ነው የገጠመላቸው። እነሱም ጋ የተደራረቡ ቦታዎች ነበሩ፤ ከነዚህ አንዱ የኒጀር ወንዝ ደለል ነው። እሱም እንደ አፋር ነው፦ ውቅያኖሱ ከተከፈተ በኋላ ወንዙ ያከማቸው አፈር ስለሆነ ከመገጣጠሙ በፊት መነሳት አለበት።

ሁለተኛው ስህተት የካርታው ዓይነት ነው። መደቡ መርኬተር የሚባለው ጠፍጣፋ የዓለም ካርታ ነው፤ ምድር ወገብ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 668 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከወገብ በራቃችሁ ቁጥር ሁሉ ነገር ይለጠጣል። 50 ዲግሪ ላይ ያለው የፓታጎንያ መሬት ከልኩ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ሰፍቶ ነው የተቆረጠው። አንታርክቲካማ ጉዷ ፈልቷል፤ 40 ሳንቲ ሜትሩ መደብ 76 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያልቅባት ከታች እንደ መቀነት የተዘረጋች ቀጭን ቁራጭ ሆናለች። በእሷ ጎንድዋናን፣ የደቡብ አህጉራትና ሕንድ አንድ የነበሩበትን የጥንት ምድር፣ መግጠም አይቻልም።

ይህን በ50 ብር ማስተካከል ይቻላል። የትምህርት ቤቱን ሉል በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ስስ ነጭ ፌስታል አልብሱትና በቋሚ ማርከር አፍሪካን፣ ደቡብ አሜሪካን፣ ሕንድን፣ አውስትራሊያንና አንታርክቲካን ገልብጡ፤ የምትገለብጡት ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ የተቀባውን ጥልቀት የሌለውን ባሕር ጨምራችሁ ይሁን። በመቀስ ቆርጣችሁ እዚያው ሉሉ ላይ አንሸራቷቸው። ፌስታሉ እርጥበቱ ላይ ይጣበቃል፣ ወረቀት እንደሚያደርገው አይጨማደድም። ስትቆርጡ አትሳቡት፣ ይለጠጣል፤ ከተለጠጠ ደግሞ ከመርኬተር አልተሻላችሁም።

የባሕር ወለሉ ሞዴል የሳጥኑ ሁለተኛ ጥሩ ነገር ነው። ሦስት ስንጥቅ ያለው ጣውላ ነው፤ ሁለት የወረቀት ጥብጣቦች ከመሃሉ ስንጥቅ ወጥተው አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተጉዘው በጎን ስንጥቆች ይገባሉ። ሐሳቡ አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሃሪ ሄስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ነው፦ አዲስ ወለል በውቅያኖስ መሃል ሰንሰለት ላይ ይወለዳል፣ አሮጌው ጥልቅ ቦዮች ውስጥ ይሰምጣል። ጥብጣቦቹ ላይ ያሉት ጥቁርና ነጭ ሰረዞች የምድር ማግኔት ሰሜንና ደቡብ በየጊዜው ሲገለባበጥ የቀዘቀዘው ዓለት የያዘው ማኅተም ናቸው፤ ይህን ፍሬድ ቫይንና ድራሞንድ ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1963 አስረዱ።

ሠሪዎቹ ሰረዞቹን ሁሉ እኩል ስፋት አድርገው አትመዋቸዋል። ይህ ማስረጃውን ገደለው። ሰረዞቹ እኩል ከሆኑ የሜዳ አህያ ሥዕል ናቸው፤ ማስረጃ የሚያደርጋቸው ቅደም ተከተላቸው ወጣ ገባ ሆኖ ሳለ ግራና ቀኙ እንደ መስታወት መመሳሰሉ ነው። አውጥታችሁ ጣሏቸውና በራሳችሁ ሥሩ። 1 ሚሊዮን ዓመትን 5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከመሃሉ ጫፍ ጀምሩ፦ 3.9 ጥቁር፣ 1 ነጭ፣ 0.4 ጥቁር፣ 3.5 ነጭ፣ 0.9 ጥቁር፣ 3.2 ነጭ፣ 5.1 ጥቁር። ድምሩ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 3.6 ሚሊዮን ዓመት ማለት ነው። የመጨረሻው ረጅም ጥቁር ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ነጮች አሉ፤ ለ9ኛ ክፍል ቢቀሩ አይጎዳም። 0.9 የምትለዋ ጥቁር ስሟ ኦልዱቫይ ነው፣ ታንዛኒያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካለው ገደል የተወሰደ።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። የመጨረሻው መገለባበጥ ከ780,000 ዓመት በፊት ነው። አትላንቲክ በዓመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል ቢባል ለአንድ ጎን 1.25 ይደርሰዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቁር ሰረዝ ባሕሩ ወለል ላይ 9.75 ኪሎ ሜትር ሆኖ መገኘት አለበት። ተማሪ ይህን ሲያሰላ ዕድሜን፣ ርቀትንና ፍጥነትን አንድ ላይ ይይዛል። 80 ግራም ወረቀት አትጠቀሙ፣ ስንጥቁ ውስጥ ይጨማደዳል፤ ወፍራሙ የብሪስቶል ወረቀት ይሻላል። ሁለቱን ጥብጣቦች በአንድ እጅ ፍጥነት ካልሳባችኋቸው ደግሞ መስታወትነቱ ይጠፋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ በሁለቱም ጎን ወለሉ የሚሰምጥበት ይህ ሞዴል ፓስፊክን እንጂ አትላንቲክን አይመስልም። አትላንቲክ አብዛኛው ዳርቻው ላይ የሚሰምጥበት ቦይ የለውም። ለእሱ ጥብጣቦቹን ወደ ጎን ስንጥቅ ከማስገባት ይልቅ ጫፋቸው ላይ አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን በፕላስተር ለጥፋችሁ ዝም ብላችሁ አራርቋቸው።

ኮምፓሱ ለምን እንደማይረባ መግዣ ቦታው ላይ ማየት ይቻላል። ከቆርቆሮው በርና ከብረት ጠረጴዛው አርቃችሁ መዳፍ ላይ ዝርግ አድርጉት። የመርፌው ደቡብ ጫፍ አዘቅዝቆ ወለሉን ይነካና ይያዛል። የተሠራው ለሰሜን አገሮች ነው፤ እዚያ የምድር ማግኔት የመርፌውን ሰሜን ጫፍ ወደ ታች ስለሚጎትት፣ አምራቾቹ ሚዛን እንዲጠብቅ ደቡብ ጫፉ ላይ ክብደት ይጨምራሉ። አዲስ አበባ ግን የማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነች ወደ ታች የሚጎትት ኃይል የለም ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው ያ የተጨመረው ክብደት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ወጥመድ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ገጽ 15 ላይ የጥንት ዓለት በቀዘቀዘበት ጊዜ በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንደነበር ማስያ ቀመር ተሰጥቷል፦ የማዘቅዘቂያው (መርፌው ከዝርግ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ታንጀንት የኬክሮሱ ታንጀንት ሁለት እጥፍ ነው። ቀመሩ ልክ ነው። መልመጃው ግን «በከተማችሁ ኮምፓስ አረጋግጡ» ይላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ቀመሩ 17.6 ዲግሪ ማዘቅዘቂያ ይሰጣል፣ ትክክለኛ መሣሪያ ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ያሳያል። ጎበዝ ተማሪ ቀመሩ ውሸት ነው ብሎ ይወጣል። ያልተነገረው፣ ቀመሩ የሚሠራው በሺዎች ዓመታት አማካይ ለተገኘ ማግኔት መሆኑ ነው፤ የዛሬው ማግኔት ዋልታው ከመሬት መዞሪያ ዋልታ ጋር አይገጥምም፣ ላይ ታችም አለው። ለዚህ ነው የጥንት ማግኔት አጥኚዎች ከአንድ የላቫ ንጣፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ንጣፎች ናሙና የሚወስዱት። መልመጃውን ሰርዙት፤ ወይም ምክንያቱን ጨምራችሁ አስተምሩት፣ ያኔ የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ ይሆናል።

ካርዶቹ ቆንጆ ናቸው፣ ሥዕሉም ንጹሕ ነው። በደረቱ የሚሳበው ሜሶሳውረስ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ፣ የየብስ እንስሳው ሳይኖግናተስ ደቡብ አሜሪካና አፍሪካ፣ ተክሉ ግሎሶፕተሪስ ሁሉም የደቡብ አህጉራትና ሕንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትክክል። ሌላውን የየብስ እንስሳ ላይስትሮሳውረስን ግን ደቡብ አሜሪካ ላይ አስቀምጠውታል። ቦታው አፍሪካ፣ ሕንድና አንታርክቲካ ነው። ግሎሶፕተሪስ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ እንግሊዛዊው አሳሽ ሮበርት ስኮት ከደቡብ ዋልታ ሲመለስ ከነጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1912 በረዶ ላይ ሲሞት፣ ሸክማቸው ውስጥ 16 ኪሎ ያህል ድንጋይ ነበር፤ የዚህ ተክል ቅሪት ያለበት። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር የአህጉራት መንሸራተትን ሐሳብ ፍራንክፈርት ላይ መጀመሪያ ያቀረበው በዚያው ዓመት ጥር ነው።

ድንጋዮቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ባልጩቱ ንጹሕ ነው፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፑሚሱ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከአባይ በረሃ የመጣው የኖራ ድንጋይ ላይ የባሕር ዛጎል ስባሪ በዓይን ይታያል። «ግራናይት» የተባለው ግን ከወለል ድንጋይ ቆራጮች የተገኘ ጥቁር ቁራጭ ነው፤ ነጋዴ የሚያንጸባርቅ ድንጋይ ሁሉ ግራናይት ይለዋል። ባዛልት አልተካተተም፤ መንገድ ላይ ከተረፈ ኮብልስቶን በነፃ ይገኛል። የሚያስቆጨው የጠፋው ነው፦ ትግራይ ውስጥ እዳጋ አርቢ አካባቢ የበረዶ ግግር ያስቀመጠው ዓለት አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የበረዶ ግግር ነበረ ማለት መሬታችን ዛሬ ባለችበት ቦታ አልነበረችም ማለት ነው። ቁራጩ ባይገኝ እንኳ ፎቶው መካተት ነበረበት።

መጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ስህተት ገጽ 9 ላይ ነው፦ «ፕሌቶች ፈሳሽ ማግማ ላይ ይንሳፈፋሉ» ይላል። ፕሌቶች የምድር ውጫዊ ጠንካራ ሽፋን የተከፋፈለባቸው ግዙፍ ቁራጮች ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ማንትል የሚባለው ወፍራም የዓለት ንጣፍ ግን ጠጣር ነው። በርዕደ መሬት ጊዜ የሚነሳው ሁለተኛው ማዕበል በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፣ በማንትል ውስጥ ግን ያልፋል፤ የሚቆመው የምድር ውጫዊ እምብርት ጋ ሲደርስ ነው። ማንትል የሚፈሰው ጠጣር እንደሆነ ነው፣ እጅግ በዝግታ። ይህን ለማሳየት መጽሐፉ በማርማላታ ጠርሙስ ውኃ አፍልታችሁ 100 ዲግሪ ሲደርስ ቀለም ጨምሩ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጠርሙሱም ቀጥታ እሳት ላይ ይሰነጠቃል።

በምትኩ ፓይሬክስ ሳህን ውስጥ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት አድርጉ፣ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ በጣት ፍርክስክስ አድርጋችሁ በትኑበት። ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጣችሁ መሃሉ ሥር አንድ ሻማ አብሩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጦስኙ መሃል ላይ ወጥቶ ወደ ጠርዝ ሲሄድና ሲወርድ ይታያል። ጦስኙ እርጥብ ከሆነ ይቋጠርና ይዘቅጣል፤ ሁለት ሻማ ካበራችሁ ዑደቱ ይተራመሳል። ዘይቱን አታማስሉ፣ ሻማው ሲበራም ማንም እንዳይነካው። ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። ፕሌቶችን በዋናነት የሚጎትታቸው የሚሰምጠው ቀዝቃዛና ከባድ ጫፋቸው ነው። እርጥብ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከጫፍ ቀስ በቀስ አንጠልጥሉት፤ ሲሶው ሲያልፍ የተቀረውን ራሱ ይስበዋል። ይኸው ነው፣ ወጪም የለው።

ቬግነርን «የሥነ ምድር ሊቅ» ማለታቸውም ይታረም፤ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። ሐሳቡ ወዲያው ተቀባይነት አገኘ የሚለውም ውሸት ነው። አህጉራቱን የሚያንቀሳቅስ በቂ ኃይል ማሳየት አልቻለም፤ ግሪንላንድ በዓመት በሜትሮች ትርቃለች ብሎ ያቀረበው ልኬትም እጅግ የተጋነነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 እዚያው ግሪንላንድ ሲሞት አብዛኛው ባለሙያ አልተቀበለውም ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው «በቅርቡ» ባሕር ይሆናል ይላል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያናውጥ ይህ ወሬ በሰፊው ተነዝቶ ነበር። ስምጥ ሸለቆው በእኛ በኩል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። በአንድ መምህር የሠላሳ ዓመት አገልግሎት 15 ሳንቲ ሜትር፣ የማስመሪያ ግማሽ። አንድ ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200,000 ዓመት ይፈልጋል። ቅርብ የሚለውን ቃል ሰርዛችሁ ቁጥሩን ጻፉበት።

ከሥራ ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ የረርን ማየት ይቻላል፤ ይህ ሸለቆ ሲከፈት የተነሳ እሳተ ገሞራ ነው፣ ዛሬ የጠፋ። ሳጥኑን ስትረከቡ እዚያው ቁጠሩት፦ አሥራ ሁለት ቁራጭ። ቀይዋ አፋር ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፣ ክዳኑ ላላ ያለ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ትወድቃለች። ምትክ በ150 ብር ይቆርጣሉ፣ እሑድ ግን ዝግ ናቸው።